የጀልዴሳ ዛጎል

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ፋዱሞ ዱዓሌን ሳያያት የሚወጣ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሳይሰማት የሚወጣ ግን የለም። ዛጎል ትሸጣለች፣ ትሰፋለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጣላለች፣ ተመልሳ ትስቃለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ፣ ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ቀልዱን ደግሞ በኦሮምኛ ታደርገዋለች። ለምን ሲሏት፣ ጨዋታ በኦሮምኛ ካልሆነ አይጥምም ትላለች።

እጇ ግን እንደ አፏ አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው። የሶማሌ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ ሃን ይዛ ትገባለች፤ ሃን ማለት ከዛፍ ሥራሥር ተፈትሎ የሚጠለፍ የወተት ዕቃ ነው። ፋዱሞ ያንን ሃን ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ዛጎል ታለብሰዋለች። ጀርባው የተሞረደ ዛጎል በባቡር ከጅቡቲ ይመጣላታል፤ እሷ በቆዳ ክር፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጋ፣ አንዱን ካንዱ አስጠግታ ትሰፋዋለች። በመሃሉ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካገኘች ፈትታ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ባሕር ግን አይታ አታውቅም። ድሬ ተወልዳ፣ ድሬ ተድራ፣ ባሏንም ድሬ የቀበረች ሴት ናት። ባቡሩ ሲጮህ ሰዓት ትለይበታለች እንጂ ተሳፍራበት አታውቅም።

ግቢዋ ውስጥ ጉግሳ የሚባል የሳይንስ አስተማሪ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ከደገኛ ቤተሰብ የመጣ፣ ቀጭን፣ ላጤ፣ ምሳውን የሚረሳ፣ ወሬውን ግን የማይረሳ። ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትምና አንቺ ይላታል፤ ለአክብሮቱ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ልጆች "ኤዶ" ይላታል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። የጉግሳ ፍቅር ቀንድ አውጣ ነበር። ሌላው ጎረምሳ ከዚራ ሰፈር ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር ቆነጃጅት ሲያይ፣ እሱ እዚያው አጥር ሥር አጎንብሶ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ፣ አልኮል በሞላበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ አስቀምጧል። ፋዱሞ መጀመሪያ ያየችው ዕለት ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ ልትለው ነበር። እሱ ረጋ ብሎ፣ ይኼ እኮ የዛጎልሽ የአጎት ልጅ ነው አላት። ያን ቀን የተጀመረው ክርክር ነው እንግዲህ ዓመታት የዘለቀው።

ጉግሳ እንደሚለው እያንዳንዱ ዛጎል የአንድ ነፍስ ቤት ነበር። ቀንድ አውጣው፣ ዛጎሉ፣ እንደ ሳጥን የሚከደነው የባሕር ቅርፊት፣ ያ ጠርሙስ ውስጥ የተጠቀለለው ባለስምንት እጅ፣ ሁሉም አጥንት የሌላቸው ለስላሳ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አንዱ ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል። አንዱ ሁለት መዝጊያ አበጅቶ፣ ራስ እንኳ ሳይኖረው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ እያጠለለ ይበላል። አንዱ ደግሞ ቤት ምን ያደርግልኛል ብሎ ጥሎት በምትኩ እጅና ብልሃት አበዛ። ቤት ያለውም ቢሆን ቤቱን ከየትም አያመጣውም፤ ገላው ላይ እንደ ነጠላ የተደረበ ሥጋ አለው፤ ያ ሥጋ ነው ኖራውን ከራሱ እያወጣ የሚገነባው፣ ባለቤቱ ሲያድግ ቤቱም አብሮት ያድጋል። በሆዱ ይሄዳል፣ ምላሱ ሞረድ ነው። ጉግሳ ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ሰው ለሚስቱ እንኳ እንዲህ አይሆንም።

ፋዱሞ ግን የምትበገር አይደለችም። ዕድሜ ልኳን ዛጎል በእጇ ሲያልፍ አንድም ቀን አቤት ያላት የለም። ዛጎል የባሕር ፍሬ ነው፤ ዛፍ ሎሚ እንደሚያፈራ ባሕርም ዛጎል ያፈራል፤ አለቀ። ደግሞስ ሞቶ የቀረ ነገር ቢሆን ኖሮ የወተት ዕቃ ላይ ትሰፋው ነበር ወይ? በክት ለወተት? አስተግፊሩላህ። ጉግሳ አንድ ቀን እጇን ይዞ ወስዶ የራሷን ግቢ የግንብ አጥር አሳያት፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ቅርፊት ታትሞበታል። ይህ ተራራ ሁሉ ድሮ የባሕር ወለል ነበር፣ ይኸው ነዋሪው አላት። ግንበኛው ሥራ ፈቶ የጫረው ነው ብላ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ክርክሩን ሁለቱም ይወዱት ነበር። ያለ እሱ ሻይ አይጣፍጣቸውም።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ የፋዱሞ አንዲት ልጅ ሃዎ ልታገባ ቀን ተቆረጠ። ባሏ የሚሆነው ዐብዱላሂ መጋላ ሰፈር የሚኖር የደህና ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሃዎን ሲያይ የሚናገረው የሚጠፋበት። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። አያቱ ግን ኢድል ናት።

ኢድል ልጅነቷን ከግመል ኋላ ያሳለፈች፣ ከተማ ገብታም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ስትናገር ወንዶች ሳይቀሩ የሻይ ብርጭቆ የሚያስቀምጡላት አሮጊት ናት። አንድ አመል አላት። ሙሽራ በገባች ቁጥር ሃኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ትዳስሰዋለች። የእናቷ ሃን ጎዶሎ አልነበረበትም፣ የራሷም አልነበረበትም፤ ሃኗ ክፍተት ያለባት ሴት ቤቷም ክፍተት አለበት ባይ ናት። የዐብዱላሂ ታላቅ ወንድም ሚስት ቀመር ባገባች ዕለት ከሃኗ አንድ ዛጎል መንገድ ላይ ወልቆ ጠፋ። ኢድል ጣቷን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አሳርፋ "ጎዶሎ" አለች። በቃ። ቀመር ከዚያ ወዲህ ልጆች ወለደች፣ ቤት አቀናች፣ አማቷን አስታማ ቀበረች፤ ስሟ ግን ጎዶሎ ሆኖ ቀረ። ጎዶሎ ሻይ አምጪ፣ ጎዶሎ በሩን ዝጊ። ትንንሾቹ ልጆቿ እንኳ የእናታቸው ስም እሱ ይመስላቸዋል። ያንን ሃን የሰፋችው ፋዱሞ አይደለችም፤ ቢሆንም ቀመርን ገበያ ላይ ባየቻት ቁጥር ዓይኗን ሰብራ ታልፍ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። የከተማው ሃን ሰፊ ልጅ በገዛ እናቷ ሃን ስም ሊወጣላት ነው ወይስ አይደለም? የፋዱሞ ጭንቀት ይኸው ነበር። ገንዘብም ጥሎሽም አላስጨነቃትም። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ በስሟ ትጠራ፣ ሌላ አልፈልግም ትል ነበር።

ሰው ሲያስብ ግን እግዜር ይስቃል እንደሚሉት ሆነ። የሃዎን ሃን ከአንገቱ ጀምራ እየሰፋች ወገቡ ላይ ስትደርስ ዛጎል አለቀባት። ጅቡቲ ያለው የመናዊ ነጋዴዋ መጋዘኑን ቆልፎ ሐጅ ሄዷል። መልካም አድርጓል፣ አላህ ይቀበለው፤ ግን ቁልፉንም ይዞት ሄዷል። ፋዱሞ ቀፊራን ከጫፍ ጫፍ አሰሰች። ከአሮጌ ቀበቶ፣ ከሕፃን አንገት፣ ከጠንቋይ ከረጢት ሳይቀር ለመነች። የተገኘው ሁሉ ግማሹን ወገብ እንኳ አልሞላም። ሠርጉ ሊደርስ ነው፣ ሃኑ ከታች ራቁቱን ነው።

በዚህ መሃል የአጎቷ ልጅ ዋይስ ከጀልዴሳ ወተትና ማገዶ በግመል ጭኖ መጣ። ዋይስ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ካወጣ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ገበያ ያስቀምጣል። ምሬቷን ሰምቶ ሲያበቃ፣ እኛ ዘንድ እሾህ ላይ ነጭ ነገር አለ አላት። ዛጎል ያህላል? ያህላል። ክብ ነው? ክብ ነው። ነጭ ነው? እንደ ወተት። በል አምጣልኝ አለችው። ሲመለስ አንድ ጆንያ ሙሉ አመጣ።

ፋዱሞ ዘርግፋ ስታየው ልቧ ዘለለ። ጠምዘዝ ያለ፣ የሚያምር፣ ንጹሕ ነጭ ቅርፊት ነው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለውም። አሸተተችው፤ ሽታ የለውም። አፉ ላይ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል፤ የኖራ አቧራ ነው ብላ ወሰደችው፣ እንዲያውም አፉን ስለሞላው ወደደችው። ፀሐይ ጨርሶ የበላው ባዶ ቅርፊት ነው አለች። ቀንድ አውጣማ ታውቃለች፤ ክረምት ላይ ከዚራ አጥር ሥር የሚልመጠመጠው ቡናማ ነገር ነው። ይኼ ደረቅ፣ ነጭ፣ እሾህ ላይ የበቀለ ነገር ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እርግጥ ነው፣ ጉግሳን ልጠይቀው ይሆን የሚል ሐሳብ ውል ብሎባታል። አንድ ጊዜ ቢያየው ይበቃዋል። ነገር ግን ስንት ዓመት ሙሉ ዛጎል ነፍስ የለውም ስትለው ኖራ፣ አሁን በሠርግ ዋዜማ ሄዳ "እስቲ ነፍስ አለው ወይ?" ልትለው ነው? ሞቷን መረጠች። ሃኑን በሻሽ ሸፍና ስታስቀምጥ ጉግሳ እያለፈ ምንድን ነው ኤዶ ቢላት፣ የሴት ነገር ነው አንተ አትገባም ብላ መለሰችው። እሱም እንደ ጨዋ ሰው አንገቱን ሰብሮ አለፈ።

ሌላ ችግር መጣ። ይኼ ቅርፊት ስስ ነው፤ መርፌ ሲነካው ይሰበራል። ስለዚህ የግራር ሙጫ አቅልጣ ጀርባ ጀርባውን እየለጠፈች፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጋ ደረደረችው። ከእነዚያ አንዱ ከእጇ አምልጦ እንስራው ሥር ተንከባለለ፤ በማግስቱ ስታየው ቦታው ላይ የለም። የጎረቤት ልጆችን ተቆጣች። ሃኑ ግን አለቀ፤ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ጥፍር የሚያስገባ ቦታ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ተረት ፋዱሞ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላላትም። ልጇን ጠርታ አሳየቻት፣ ሁለቱም አለቀሱ፣ ደስ ብሏቸው ነው።

የሠርጉ ዕለት ድሬ እንደ ምድጃ ትነድ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ያቃጥላል፤ የጋሪ ፈረሶች ጥላ ካላገኙ አንሄድም ይላሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሙሽራዋ ባመጣችው ሃን የግመል ወተት ይሞላል፣ ሽማግሌዋ ሴት ናት መጀመሪያ የምትቀምሰው፣ ወተቱም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ወተት ከየት ይመጣል? የድሬ ሰው ዘዴ አለው፤ እንስራውን እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል። ፋዱሞም ገና ጠዋት ሃኑን ወተት ሞልታ፣ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልላ፣ እየደጋገመች ውሃ እያፈሰሰችበት ከሰዓት በኋላ ድረስ አቆየችው። በገዛ እጇ ነው ያደረገችው። ሌላ ሰው እንዳይነካው እንኳ ከልክላ ነበር።

ኢድል ቤት ሴቶቹ ክፍሉን ሞልተውት ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ በቡራምቡር ግጥም ሃዎን፣ እናቷን፣ የእናቷን እጅ እየተቀባበሉ ያሞግሳሉ። ሃዎ በቀይ ሻሽ ተሸፍና ተቀምጣለች። ቀመር እንደ ልማዷ ቆማ ታስተናግዳለች፤ ጎዶሎ ወዲህ፣ ጎዶሎ ወዲያ ይሏታል። ፋዱሞ ሃኑን አቅፋ ገብታ ከነአቡጀዲው ኢድል ፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ኢድል ሃኑን ወደ ጭኗ ስባ ጨርቁን ገለጠችው።

ከበሮው ቆመ።

ሃኑ ከወገቡ በላይ እንደተሰፋ ነው። ከወገቡ በታች ግን ሰፈሩ ተነቃንቋል። ውሃው ሙጫውን አሟሙቶታል፤ ነጩ ወረቀት ተቀዶ ከየአፉ እርጥብ ሥጋ ወጥቷል፤ እያንዳንዱም ቤቱን ተሸክሞ፣ ቀንዱን ዘርግቶ፣ ሳይቸኩል ጉዞ ጀምሯል። አንዱ ወደ ሃኑ አንገት ይወጣል፣ ሌላው ምንጣፉ ላይ ወርዷል፣ ሁለቱ አቡጀዲው ላይ ተከታትለው ይሄዳሉ። አንድ ደፋር ደግሞ የኢድል እጅጌ ላይ ወጥቶ ወደ ክርኗ ያቀናል። በሄዱበት የሚያበራ መስመር ይቀራል። በሄዱበትም፣ ወይ የፋዱሞ ዕዳ፣ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሃኑ ክፍተት በክፍተት ሆነ።

ፋዱሞ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጇን አየቻት። ሃዎ ሻሿን ገልጣ አፏን በእጇ ይዛለች። ከእንግዲህ ስሟ ምን ይሆን? አንድ የጎደለባት ጎዶሎ ከተባለች፣ ይህ ሁሉ የጎደለባት ምን ትባላለች?

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ቀመር ናት። መጀመሪያ አፏን በሻሿ አፍና ልታስቀረው ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። ያገባች ዕለት መሳቅ የነበረባትን ሳቅ ሁሉ ያኔ ሳቀችው። የያዘችው የብርጭቆ ትሪ እየተንቀጫቀጨ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከሷ አጠገብ ያለችው ተከተለች፣ ከዚያ ሌላዋ። ኢድል ብቻ አልሳቀችም፤ እጅጌዋ ላይ ያለውን መንገደኛ ትመለከታለች።

ቀና ብላ ፋዱሞን፣ "ይኼ ነገር በክት ነው? ወተቱ ተበላሽቷል?" አለቻት።

ፋዱሞ መዋሸት ትችል ነበር፤ ምኑን እንደምትዋሽ ግን አላወቀችም። አላውቅም፣ የሚያውቅ ግን አንድ ተከራይ አለኝ፣ ከወንዶቹ ጋር ዳስ ውስጥ ተቀምጧል አለች። ይህን ማለት እንዴት እንደከበዳት አላህና እሷ ብቻ ያውቃሉ።

ጉግሳን ጠሩት። ሴቶቹ መሃል እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ዓይኑን መሬት ተክሎ ቆመ፤ መሬቱን ሲያይ ግን ያየው ምንጣፉ ላይ የሚሄዱትን ነው፤ ፊቱ በራ። ተንበርክኮ አንዱን በመዳፉ አነሳው። ኢድል ጥያቄዋን ደገመችለት። እሱም ሴቶቹን ረስቶ፣ ሠርጉን ረስቶ፣ እንደ ልማዱ ጀመረ። በክት አይደለም፣ ሕያው ነው አላት። ዝናብ ሲቆም እሾህ ላይ ይወጣል፤ ከምድሩ ግለት ለመሸሽ ነው። ገላውን ሰብስቦ ይገባና አፉን በራሱ ምራቅ አሽጎ ይተኛል። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ ይቆያል፤ ዝናቡ ዓመት ቢቀርበት ዓመት ይጠብቃል። ውሃ የነካው ቀን በሩን ከፍቶ ይወጣል። ሃኑም ወተቱም ምንም አልሆኑም፤ አንድም የሞተ ነገር አልነካቸውም።

ኢድል አሰበች። ከዚያ የላይኛውን ዛጎል በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "እነዚህስ? ለምን አይነሱም?" አለችው።

ጉግሳ ቀስ አለ። ወደ ፋዱሞ አየ፤ ክርክሩ የእሷም ነውና። ፋዱሞ ራሷን ነቀነቀችለት፣ ንገራት ማለቷ ነው። እነዚያም ባለቤት ነበራቸው አለ። ቤቱን ከገላቸው አውጥተው የሠሩት እነሱ ናቸው፣ እስኪሞቱም ለቀውት አያውቁም። ለእኛ የሚደርሰን ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተሞርዶ ይመጣል።

አሮጊቷ ሃኑን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው። እጅጌዋ ላይ የነበረው ትከሻዋ ደርሶ ሁለት ቀንዶቹን ወደ ፊቷ ዘርግቶ ነበር፤ በጣቷ ስትነካው ሰበሰባቸው፣ ስትተወው መልሶ ዘረጋቸው። ኢድል ቀና አለች። ፋዱሞ ልትሰድበኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"እናቴ ባዶ ቤት ይዛ ነው የመጣችው" አለች ኢድል። "እኔም ባዶ ቤት ይዤ ነው የመጣሁት። እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የገባች ሙሽራ ሁሉ ባዶ ቤት ነው የያዘችው። ይህቺ ልጅ ከነነዋሪው አመጣችው።"

ይህን ብላ ሳቀች። ኢድል ስትስቅ ያየ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ጥርስ እንዳላት እንኳ የተጠራጠሩ ነበሩ። ሃኑን አነሳች፣ ከወተቱ ቀመሰች፣ ቀዝቃዛ ነው አለች፣ ለሃዎ ሰጠቻት። እልልታው ዳሱ ድረስ ተሰማ። ከበሮው ተመልሶ ገባ፤ አንዷ ገጣሚ ወዲያው ስለ ቀንድ አውጣው ቡራምቡር አወጣች፣ ከሙሽራዋ በፊት ሙሽራ ቤት ደርሶ የተቀመጠ እንግዳ ነው እያለች። ፋዱሞ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቆባት ቁጭ አለች።

ዋይስ ዳሱ ጥግ ቁጭ ብሎ ሥጋውን ይበላ ነበር። ፋዱሞ ወጥታ በላዩ ላይ ቆመችበት። ታውቅ ነበር ወይ አለችው። ያውቅ ነበር እንጂ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሲሄዱ ነው ያደገው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ዋይስ አጥንቱን አስቀምጦ አሰበበት፤ ለሚቀጥለው ገበያ ያስቀመጠውን ቃል ሁሉ ያን ጊዜ አወጣ።

"አንቺ ነጭ አልሽኝ እንጂ የሞተ አላልሽኝም።"

ምን ትበለው? ዝም አይነቅዝም ብለው ያሳደጉትን ሰው ምን ይሉታል? ሌላ ቁራጭ ሥጋ ጨመረችለትና ሄደች። ጉግሳ ምንጣፍ ለምንጣፍ እየዳኸ ሕፃናቱን አሰልፎ ቀንድ አውጣዎቹን ይለቅም ነበር። ግማሾቹን ኢድል ግቢ ውስጥ ያለ የሎሚ ዛፍ ላይ አስቀመጣቸው፤ የቀሩትን ዋይስ በቅጠል ጠቅልሎ ወደ እሾሃቸው ሊመልሳቸው ተስማማ። ያን ሰሞን ፋዱሞ ሻይ አፍልታ ጉግሳን ራሷ ጠራችው፤ ያንን ጠርሙስም ይዘህ ና አለችው። አንድም ጊዜ ሳታቋርጠው ስለ ባለስምንት እጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ ግን፣ ግንቡ ላይ ያለውን ግንበኛው ነው የጫረው አለች። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መሸነፍ ደግ አይደለም።

ክረምቱ ሲገባ የጅቡቲው ነጋዴ ሐጂ ሆኖ ተመለሰ፣ መጋዘኑም ተከፈተ፣ ዛጎሉ በባቡር መጣ። ፋዱሞ ከመጣው ሁሉ ምርጡን ለየች። ሃኑ አሁንም ከወገቡ በታች ባዶ ነው፤ ኢድል ያን ቀን ብትስቅም ሳቅ እንደሚያልፍ ፋዱሞ ታውቃለች፣ ጣት ግን አይረሳም። መርፌዋንና የቆዳ ክሯን ይዛ መጋላ ሄደች።

ኢድል ሎሚው ሥር ተቀምጣ ነበር። ማለዳ ዘንቦ ቅጠሉ ሁሉ ረጥቧል፤ ግንዱ ላይ ነጫጭ ቅርፊቶች ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ሃዎ አጠገቧ ሆና ትቆጥርላታለች፣ አሮጊቷ ዓይኗ አይደርስምና። ኢድል ሃዎ ብላ ነው የምትጠራት፤ ፋዱሞ ይህን ስትሰማ ሆዷ ረጋ። ሃኑን አምጡልኝ፣ ክፍተቱን ልሙላው አለቻቸው።

ሃኑ መጣ። ፋዱሞ መርፌዋን ስታወጣ ኢድል እጇን ያዘቻት።

"ተዪው" አለች። "እነዚያ ሲመለሱ የት ይግቡ?"

ፋዱሞ የምትቀልድ መስሏት ፊቷን አየችው። አትቀልድም። አሮጊቷ ሃኑን አንድ ጊዜ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ከባዶ ወደ ባዶ ቦታ ሄደ፣ የትም ላይ አልቆመም። ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ዞር ብላ ተጣራች።

"ቀመር! ነይ ልጄ፣ ሃኑን ቦታው መልሺው።"

ቤት ውስጥ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣም። ቀመር በሩ ላይ ብቅ አለች፤ የጠሩት እሷን መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ከኋላዋ ሰው አልነበረም።